ቆሞ የሚለበስ ቀሚስ

«ሽማግሌውን ቆራጭ ዛሬ አሰናብተዋለሁ» አለች የወንድሟ ሚስት። እሷ ሻዩን በትሪ ይዛ ኮሪደሩ ላይ ደርሳ ነበር፤ የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ ስለነበር የሚባለው ሁሉ ጥርት ብሎ ተሰማት። «ልጅህን ጠይቃት። ባለፈው ለጨዋታ ብላ አክስቷን በሜትር ለክታታለች። ሽማግሌው የወረቀት ቅዱ ላይ የጻፈው የወገብ ልክ ከዚያ በአራት ጣት ያንሳል። ከእያንዳንዱ ቀሚስ አራት ጣት። ለዚህ ነዋ ደንበኛው ሁሉ ጠበበኝ እያለ የሚመልሰው። የተረፈውን ጨርቅ ማን እንደሚበላው አንተው ንገረኝ።» ወንድሟ ፂሙን በማሽን እየተላጨ ነበር። የማሽኑ ድምፅ ለአፍታ ቆመ። «የሥራሽን ነገር አንቺ ታውቂያለሽ» አለና መልሶ አበራው። እሷ ትንሽ ጠብቃ፣ አሁን የደረሰች ለመምሰል እግሯን እየጎተተች ገባች። የወንድሟ ሚስት ስኒውን ተቀብላ ከንፈሯን አስነካችና «ቀዝቅዟል» አለች፤ በቁጣ አልነበረም፣ እንዲያው ለማሳወቅ ያህል ነው።

አራቱ ጣት የት እንዳለ እሷ ታውቃለች። እሷው ጋ ነው። በስፌት ቤቱ «ልኬ» ነው የሚሏት። ሥራዋ ቁልፍ መትከልና ጠርዝ በእጅ መስፋት ነው፤ አዲስ ቀሚስ በትልቁ ልክ በተጀመረ ቁጥር ግን ከወንበሯ ተነስታ ክፍሉ መሀል ትቆማለች፣ ይለኳታል፣ ጨርቁን ላይዋ ላይ በስፒል ያያይዙታል። የሱቁ ቪትሪን መስታወት ውስጥ የተገተሩት አሻንጉሊቶች ሁሉ ቀጫጭን ናቸው። ወፈር ያለ አሻንጉሊት ማስመጣት ውድ ነው፣ እሷ ግን እቤት ውስጥ አለች። ከሦስት ዓመት በፊት መጀመሪያ የቆመች ዕለት የወንድሟ ሚስት በሩን ተደግፋ ታይ ነበር። «ሆድሽን ሳብ አድርጊው እንጂ፣ ጨርቅ ልትጨርሺብን ነው» አለች። ሠራተኞቹ ሳቁ፣ እሷም አብራ ሳቀች፣ ሆዷንም ሳበች። ከዚያ ወዲህ ልቀቂው ያላት ሰው ስለሌለ በቆመች ቁጥር ትስበዋለች። ትንፋሿን እስከ ጉሮሮዋ ታፍናለች፣ ትከሻዋን ወደ ውስጥ ታጥፋለች፣ ሜትሩ ዞሮ እስኪያልቅ አትተነፍስም። የወንድሟ ልጅ የለካቻት ጊዜ ግን የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ልጅቷ እየኮረኮረቻት፣ እሷም እየሳቀች፣ መሳቡን ረስታው ነበር።

ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍሏ ልብሷን ስትቀይር ነገሩን አገላብጣ አየችው። ክፍሏ አልጋዋን፣ የማይሠራውን ፍሪጅና ልጅቷ ልጅ ሆና ትነዳው የነበረውን ብስክሌት ይዛለች። ባሏ ትቷት ወደዚህ ቤት ስትመጣ «እስክትደላደይ» ተብሎ ነበር፤ ሰባት ዓመት ሆነ፣ ስለ መደላደል ያነሳ የለም፣ ስለ መውጣትም ያነሳ የለም። ዝም ካለች ሽማግሌው በዚህ ዕድሜያቸው ሌባ ተብለው ይወጣሉ። ከተናገረች ደግሞ መጋዘን ሙሉ ልብስ ያበላሸችው እሷ ልትሆን ነው፣ ያውም የምታድርበትን ቤት ልብስ። ቀሚሷን ስትቆልፍ ሆዷን ስባ አገኘችው። ለቀቀችው፣ ግን ወዲያው ተመልሶ ገባ።

መኪናው ውስጥ ከኋላ፣ በዚፕና በክር ካርቶኖች መሀል ተቀመጠች። የወንድሟ ሚስት እየነዳች ስለ አዲሱ ማስታወቂያ አወራች። ሱቁ ከነገ ጀምሮ ሞላ ላሉ ሴቶች ብቻ የሚሆን ክፍል ይከፍታል፤ ስሙ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፣ «በክሰም»፣ ከውጭ መጽሔት ያገኘችው። «‹ለወፍራሞች› ብለሽ ጽፈሽ ማን ይገባልሻል? ይሄ ግን ደልደል ያለች፣ ቅርፅ ያላት፣ ደረቷም ዳሌዋም የሞላ ማለት ነው። ስድብ አይደለም።» መብራት ላይ ቆመች። በኋላ ማያ መስታወቱ አየቻትና «እንዳንቺ ያለችውን ማለት ነው» አለች። ልኬ «ጥሩ ነው፣ እትዬ» አለች።  የማዞሪያው ጠቋሚ ቀጭ ቀጭ ይል ነበር።

ስፌት ቤቱ ከሱቁ በላይ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ጠባብ፣ ግድግዳው ትከሻ የሚያክል ከፍታ ላይ በተሸካሚዎች ጥቅል ተፍቆ ነጥቷል። ስድስት የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ መስኮቱ ሥር ደግሞ ሰፊው የመቁረጫ ጠረጴዛ። ጠረጴዛው የጋሽ መቀስ ነው። ቆራጩን በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ መቀሳቸውን ሰው እንዳይነካባቸው ማታ ማታ በፎጣ ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ይዘውት ስለሚሄዱ ስሙ በዚያው ቀረ። ሴት ሲለኩ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። ሜትሩን በጣታቸው ዳብሰው ያዞሩታል፣ ሁለቱ ጫፍ የተገናኘበትን በአውራ ጣታቸው ይይዙታል፣ ከሴትዮዋ ሁለት እርምጃ ርቀው ነው ቁጥሩን የሚያነቡት። ወጣቶቹ «ጋሽ መቀስ፣ ውጭ ምን እያዩ ነው?» እያሉ ያበሽቋቸዋል። «ዝናብ መምጣት አለመምጣቱን ነዋ» ይላሉ እሳቸውም፣ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን። በሦስት ዓመት ውስጥ ልኬን ስንት ጊዜ ለክተዋታል፤ አንድም ጊዜ ስትለካ አላዩዋትም።

የዚያን ዕለት ጠዋት ጠመኔ ከንፈራቸው ላይ ነክቶ፣ ሻያቸውን ቆመው እየጠጡ ነበር። «ልኬ፣ ዛሬ ፊትሽ ልክ አይደለም፤ እንቅልፍ አጣሽ?» አሏት። «ራሴን አሞኝ ነው፣ ጋሽዬ።» «ሻይ ጠጪ። ስኳሩን አብዢው፤ የኔን ድርሻ ጨምረሽ፣ እኔ ተከልክያለሁ።» እሷም ሻዩን ቀድታ ቁልፎቿ ጋ ተቀመጠች። አሁን ልንገራቸው ብላ ሁለት ጊዜ አፏን ከፈተች። አንዴ ካውያው ጮኸ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ምንም ሳይጮህ ቁልፍ መልቀም ጀመረች። ጠረጴዛው ሥር በየቀለሙ የተጠቀለለ ቁርጥራጭ የሞላበት ጆንያ አለ። የኪስ ውስጥ የሚሠሩበት፣ ለመኪና መወልወያም ለሠራተኞቹ የሚያድሉት ነው። ዛሬ ያ ጆንያ የሌባ ጆንያ መስሎ ታያት፤ ለሌላም ሰው እንደዚያ እንደሚታይ ገባት።

ከረፋዱ ላይ አንዲት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ደረጃውን እያለከለከች ወጣች። ደንብ ባለው ድምፅ ሁሉንም «እንደምን አደራችሁ» አለችና ከፌስታል ውስጥ ሰማያዊ ቀሚስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከጎኑ ዚፑን ተከትሎ ተቀዷል። «የወላጆች ስብሰባ ላይ ነው» አለች። «ንግግሬን ጨርሼ፣ ተጨብጭቦልኝ፣ ቁጭ ስል። የሂሳብ አስተማሪው ኮቱን ደረበልኝ፤ እስከ አሁን ኮቱን አልመለስኩለትም። እኔ የምለው፣ ቀሚሱን የሸጣችሁልኝ ቆሜ እንድኖር ነው?» ሰፊዎቹ ፊታቸውን ወደ መኪናቸው ደፍተው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ጋሽ መቀስ አልሳቁም። ስፌቱን ገልብጠው አዩ፣ በጣታቸው ለኩት። «እመቤቴ፣ ልኩ ትክክል ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ከወትሮው ቀነሰ። «የተቆረጠው እንዳንቺው ባለች ሴት ላይ ነው። ይኸችውልሽ ተቀምጣለች።» ሴትዮዋ ዞር ብላ ልኬን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «ታዲያ አንቺ ስትለብሺው ምን ታደርጊያለሽ?» አለቻት። ልኬ ቁልፎቿ ላይ አጎነበሰች። ለብሳው የተቀመጠች ቀን የለም፤ ለብሳ ትቆማለች፣ ታወልቃለች፣ ሌላ ሰው ይገዛዋል።

ምሳ ሰዓት ላይ ማስታወቂያ ጻፊው የመስታወት ፊደሎቹን ይዞ መጣ። የወንድሟ ልጅም ከዩኒቨርሲቲ ብቅ አለች፤ ምሳዋን የምትበላው እዚህ ነው፣ ከእናቷ ይልቅ ከአክስቷ ሳህን። ማስታወቂያ ጻፊው ከመስኮቱ ውጭ መሰላሉ ላይ ሆኖ ትርጉሙን ጠየቀ፤ የማያውቀውን ቃል እንደማይለጥፍ፣ አንድ ጊዜ ሳያውቅ ለጥፎ ጉድ እንደፈላበት ተናገረ። ልጅቷ ስልኳን አወጣች። «ማዘር ያለችው ልክ ነው፤ ሞላ ያለች፣ ጤናማ፣ ደረቷ ያማረ ይላል» አለች። ትንሽ አነበበችና ሳቀች። «ድሮ ግን ሌላ ነበር። መጀመሪያ ‹በቀላሉ የሚታጠፍ› ማለት ነው። መጎንበስ ከሚለው ቃላቸው ነው የተሠራው። ከዚያ ‹ታዛዥ› ሆነ። ሙሽሪት በሠርጓ ቀን ለባሏ ‹በአልጋም በማዕድም በክሰም እሆንልሃለሁ› ብላ ቃል ትገባ ነበር ይላል።»

«ከመጎንበስ ተነስቶ እንዴት ደረት ላይ ደረሰ?» አለ ማስታወቂያ ጻፊው።

«ቀስ እያለ ነው፣ ብዙ መቶ ዓመት ፈጅቶበት። ታዛዥ የሆነች ደግ ነች ተባለ፣ ደግ የሆነች ደስተኛ፣ ደስተኛ የሆነች ጤነኛ፣ ጤነኛ የሆነች ደግሞ... ይኸው» አለችና አክስቷን አቀፈቻት።

«እኔስ?» አለች የስፌት መኪና ሠራተኛዋ፣ ከሁሉም ቀጭኗ። «ለኔ የሚሆን ቃል የላቸውም?»

«አንቺማ በየትኛውም ቋንቋ ክር ነሽ» አሏት ጋሽ መቀስ። ክፍሉ ሳቀ። የወንድሟ ሚስት ከደረጃው ሥር ሁሉንም ሰምታ ኖሮ «እኔ የምሸጠው የመጨረሻውን ትርጉም ነው፣ የመጀመሪያው አይመለከተኝም፤ ለጥፈው» አለች። ልኬ እንደ ልጇ የምትወዳትን ይቺን ልጅ «ወንዶቹስ ምን ብለው ቃል ይገቡ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ማያውን ወደ ላይ ወደ ታች አንሸራተተች። «ስለ እነሱ እዚህ ጋ አይልም፣ አክስቴ።» ከዚያም የሳህኑን ጥግ በዳቦ ጠርጋ፣ አክስቷን ጉንጯ ላይ ስማ ሄደች። ያን ዕለት በጨዋታ የያዘችው ሜትር ዛሬ የሰው እንጀራ ሊቆርጥ መሆኑን አታውቅም፤ ልኬም ልትነግራት አልፈለገችም።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የወንድሟ ሚስት ወደ ላይ ወጣች። መኪኖቹ እንዲቆሙ በእጇ አመለከተች፤ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። እግሯ ጆንያውን ነክቶታል። «ጋሽ መቀስ፣ ሰው ፊት ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር» አለች፣ ሰው ፊት ለመናገር መምጣቷ ግን ያስታውቃል። ስለ ተመለሱት ልብሶች ተናገረች፤ ልጇ ስለ ለካችው ልክ፣ ስለ አራቱ ጣት፣ ስለ ጆንያው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሽማግሌው መጀመሪያ ነገሩ አልገባቸውም፤ ስለ ቆረጣ የምታወራ መስሏቸው «እኔ እኮ ስቆርጥ ከልኩ ላይ ለመተንፈሻ ሁለት ጣት እጨምራለሁ» ብለው ማስረዳት ጀመሩ። ከዚያ «ጨርቅ» የሚለው ቃል ሲደጋገም ገባቸው። ጠረጴዛውን ያዙ። «ልጄ፣ እኔ ቁርጥራጭ ይዤ የሄድኩት ምን ላደርገው ነው?» አሉ። «እሱን እርስዎ ያውቃሉ» አለች። «የወሩን ከፍዬ አሰናብትዎታለሁ፤ ሌላ ቦታ ግን ይሄንን አላነሳም፣ እሱን ቃል እገባለሁ።»  ሽማግሌው ፎጣቸውን ከሚስማሩ ላይ አወረዱና መቀሱን መጠቅለል ጀመሩ።

ልኬ መነሳቷን ያወቀችው ቁልፎቹ ከጭኗ ላይ ተንከባለው ወለሉ ላይ ሲበተኑ ነው። «እትዬ፣ ጋሽዬ ይለኩኝ» አለች።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«አሁን እዚሁ ይለኩኝ፣ ከዚያ ያባርሯቸዋል።» ሁልጊዜ የምትቆምበት ቦታ ላይ ሄዳ ቆመች። ጋሽ መቀስ መጠቅለሉን ትተው፣ ሰው እንደሚያዝዛቸው ሁሉ ሜትሩን ከአንገታቸው ላይ አነሱ፤ እንደ ልማዳቸውም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «አያዙሩ፣ ጋሽዬ» አለች። «ዛሬ ይዩኝ።» ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። ግን ዞሩ። እሷ እንደ ሁልጊዜው ትንፋሿን ሰብስባ፣ ትከሻዋን አጥፋ፣ ሆዷን ጀርባዋ ጋ እስኪደርስ ሳበች፤ ሽማግሌው ሜትሩን አዞሩና ቅዱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ራሱን አነበቡ። ከዚያ ለቀቀችው። ሜትሩ በጣታቸው መሀል ሲንሸራተት ሁሉም አየው፤ አንድ ጣት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። የሳቀ አልነበረም። «አራቱ ጣት ይሄ ነው» አለች። «ሌላ የወሰደው ሰው የለም።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ?» አለች የወንድሟ ሚስት። ፊቷ ላይ ከንዴት ይልቅ ድካም ነበር፤ መጋዘን ውስጥ የተሰቀለውን ሁሉ በአእምሮዋ እያየችው ነው። «ሦስት ዓመት እንዲህ እየሆንሽ ስትቆሚ ማን አዞሽ ነው?»

«እርስዎ ነዎት፣ እትዬ። ሆድሽን ሳቢ ብለውኝ ሳብኩ።»

«እኔ ለቀልድ ነው ያልኩት።»

«አውቃለሁ። እኔም ስቄ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጥኖ አለቀ። የነገው መክፈቻ ለሳምንት ተላለፈ፤ በትልቁ ልክ የተሰፋው ሁሉ ተፈትቶ ውስጡ ያለው ትርፍ ስፌት እንዲለቀቅ፣ ዛሬውኑ አዲስ ቅድ እንዲቆረጥ ታዘዘ። ጋሽ መቀስ ይቆያሉ፤ ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣም፣ «ያው ተግባብተናል» ተባለ። ልኬ ደግሞ የዛሬውን ልክ ሰጥታ ከነገ ጀምሮ ቤት ትውላለች፤ አሻንጉሊቱ እንደሚገዛ፣ አሻንጉሊት ቢያንስ እንደማይተነፍስ የወንድሟ ሚስት ደረጃውን እየወረደች ተናገረች። በቤታቸው የመኖሯ ነገር ደግሞ ማታ ከወንድሟ ጋር ይታያል።

ወንድሟ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ሚስቱ በስልክ ነግራዋለች። በሩ ላይ ቆሞ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ከሦስት ዓመት ወዲህ እዚህ ሲወጣ የመጀመሪያው መሆኑ ነው። ሠራተኞቹ ሄደዋል፤ የቀሩት ሽማግሌውና ቀጭኗ ብቻ ናቸው። አጠገቧ መጥቶ ዝቅ ባለ ድምፅ «ዝም ብትዪ ምን ነበረበት?» አላት። እንደ ወቀሳም አላለውም፤ መልሱን በእርግጥ ለማወቅ የፈለገ ይመስል ነበር። ፊቱን አየችው። የአባታቸው ዓይነት ከረጢት ዓይኑ ሥር ተንጠልጥሏል፤ እሱም በየቀኑ የሚስበው ነገር እንዳለ ጠረጠረች። «እሳቸው ሌባ ይባሉ ነበራ፣ ጋሼ» አለች። ራሱን ነቀነቀ፣ ግን መስማማቱ ይሁን አለመስማማቱ አልታወቀም። «መኪናው ከታች ነው።» «ሂዱ፣ እኔ በአውቶቡስ እመጣለሁ።» ቁልፉን እያሽከረከረ ወረደ።

ጋሽ መቀስ አዲስ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አራቱን ጥግ በክብደት ያዙ። ያመሰግኑኛል ብላ ጠብቃ ባታውቅም፣ እንደዚህ ይቀየሙኛል ብላም አላሰበችም ነበር። «ሦስት ዓመት የሌለች ሴት ልብስ ስቆርጥ ኖርኩ» አሉ ወረቀቱን እያዩ። «አንድ ቀን ‹ጋሽዬ፣ ትንፋሼን ይዤ ነው› ብትዪኝ ምን ነበር? ሴቶቹ በየስብሰባው ሲቀደድባቸው ልኩ ትክክል ነው እላለሁ። እጄን ነው ውሸታም ያደረግሽው።» ልክ ነበሩ፤ ስለዚህ አልተከራከረችም። ቆየት ብለው ደግሞ «እኔም ማየት ነበረብኝ» አሉና አፍንጫቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። «ነይ ቁሚ።»

ቆመች። «ልቀቂው» አሏት፣ ለቀቀች። ግን ይሄኛውም ትእዛዝ ሆነባትና ሆዷን ወደፊት ገፋችው። ሽማግሌው ሜትሩን አዙረው ቁጥሩን አዩና «ይሄም አንቺ አይደለሽም» አሉ። እንደገና ሞከሩ፤ አሁን ደግሞ ገባ። ቀጭኗ «ልኬ፣ እንደ ሰው ቁሚ በቃ» አለቻት፣ እሷም እንደ ሰው መቆም እንዴት እንደሆነ ከየት እንደምትጀምረው ጠፋት። ከጠዋት ጀምሮ ምግብ የሚባል አልቀመሰችም። ጋሽ መቀስ ሜትሩን አንገታቸው ላይ መለሱ። ከተፈቱት ቀሚሶች አንዱን አንስተው እቅፏ ውስጥ ጣሉላት። «ተይው እንግዲህ፣ የዚህን ቁልፍ ትከይ። ስድስት ናቸው። እኔ ወረቀቴን ላስምር።»

ተቀመጠች። መርፌውን ወደ ብርሃኑ ይዛ ክሩን አስገባች። የመጀመሪያውን ቁልፍ ስትተክል ስለ ማታው አሰበች፤ ወንድሟ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ድምፁን ሳይጨምር እንደሚቀመጥ፣ የወንድሟ ሚስት ከመኝታ ቤት እንደምትጠራው። ሁለተኛው ላይ ቀጭኗ ስለምታውቃት አንዲት ባለ ስፌት ቤት ማውራት ጀመረች፤ ቁልፍ የሚተክል ሰው እንደምትፈልግ፣ ክፍያው ትንሽ እንደሆነ፣ ሴትየዋ ግን ክፉ እንዳልሆነች፣ ክፉ ብትሆን እንኳ ዘመድ እንዳልሆነች። ልኬ ሳቀች። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን ተከለች። ከአንዱ ወደ ሌላው ስታልፍ ጀርባዋ ወንበሩ ላይ ተደላደለ፣ ትንፋሿ ወደ ታች ወረደ። ቀጭኗ ከጋሽ መቀስ ጋር ተጠቃቅሳ ከኋላዋ በኩል ሜትሩን በወገቧ ዙሪያ ስታሳልፈው ተሰምቷታል፤ ግን ቁልፉ ላይ ነበረችና እጇን አላቆመችም፣ ሌላም ነገር አላደረገችም። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ቁጥሩን አዩ። እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አነሱ።

«ስንት መጣ?» አለች፣ ቀና ሳትል።

ነገሯት።

«እሺ፣ ይጻፉት» አለችና ክሩን በጥርሷ ቆረጠችው።